አፍ የሌለው በላተኛ

ዝናብ ሲሰነብት፣ ሐርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ባለው ቤቴ የልብስ ሳጥኑን ስከፍት ያ ሽታ ይመጣል፤ እርጥብ፣ ጉሮሮ የሚይዝ የሻጋታ ሽታ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዛል። እኔን አባቴ ይናፍቀኛል።

አባቴ የሳይንስ አስተማሪ ነበር፤ ቤት ሲገባም ማስተማሩን አይተውም። እናቴ የሞተችው እኔ ጡት ሳልጥል ነው። ከእሷ የቀረን አንድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ ፊቷን የማውቀውም ከዚያ ነው። ጦርነቱ ሐርጌሳ ሲገባ ያ ፎቶ መዘዝ ሆነ። ፎቶው ላይ አጠገቧ የቆመው ወንድሟ መንግሥትን ከሚወጉት ተዋጊዎች ጋር ጫካ ገብቷል፤ የመንግሥት ወታደሮች ደግሞ ቤት ለቤት እየፈተሹ ነው። አክስቴ እሱን ቆርጣችሁ ጣሉት አለች። አጎቴ እጁን እናቴ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ስለነበር እሱን መቁረጥ እሷንም መቁረጥ ነው፤ አባቴ መቀሱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። በሳምንት እንመለሳለን ብሎ ፎቶውን ሊቀብረው ወሰነ።

ሥራ ተከፋፈልን። እሱ ግቢያችን ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ይቆፍራል፤ እኔ፣ የዘጠኝ ዓመቷ፣ ስኳር የነበረበትን ፌስታል ጉንዳን እንዳይጠራ አጥባለሁ። እሱ የሚፈራው ምስጥን ነበር። ስለ ምስጥ የሚያውቀውን ሁሉ እየቆፈረ ነገረኝ፤ ፌስታሉንም አድርቄ እንዳመጣለት አዘዘኝ። የጦር አውሮፕላን ሲያጓራ ግን በቀሚሴ አንዴ ብቻ ጠረግ አድርጌ ሰጠሁት። ፎቶውን ጠቅልሎ የወተት ዱቄት የነበረበት ጣሳ ውስጥ ከተተው፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ ገጠመው፣ ቀበረው። በእግራችን ወጣን።

ሳምንቱ ዓመታት ሆነ። ድንበር ተሻግረን እናንተ አገር ቀረን፤ ይህን አማርኛዬንም ያገኘሁት እዚያ ነው። ያ እርጥብ ፌስታል ከሐሳቤ አልወጣም፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ስንመለስ ቤቱ ጣሪያም በርም አልነበረውም። ቁርቁራው ግን ቆሟል። አባቴ ከወደቀ መኪና ባነሳው ብረት ቆፈረ፤ ከእጅ አይሻል ዶማ። ጣሳው ወጣ፤ ምስጥ አልነካውም። ደስ ብሎት ሳቀ። ከዚያ ከፈተው። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኛ ላይ የደረሰው ያልፈራነው ነው።

ፎቶው ላይ ጥቁርና አረንጓዴ ጸጉር በቅሎበታል። አባቴ በጣቱ ጠረገው። የአጎቴ ጫማ ቀርቷል፣ የእናቴ ቀሚስ ጫፍ ቀርቷል፤ ከዚያ በላይ ባዶ ወረቀት ነው።

ጣቱን በሱሪው አበሰ። ከዚያ፣ አስተማሪ ምን ያድርግ፣ ማስተማር ጀመረ። ሻጋታ እንደ ተክል ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን አይሠራም፣ እንደ እኛም አይጎርስም አለኝ። አፍም ሆድም የለውም። ቀጫጭን ክሮቹን ምግቡ ላይ ይዘረጋል፣ የሚያሟሟ ፈሳሽ ያፈስበታል፣ እዚያው ከአካሉ ውጭ ፈጭቶ የሟሟውን ይመጠዋል። ፎቶው የተቀባው ከከብት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ሙጫ ስለሆነ ለሱ ድግስ ነው። ዘሩ በአየር ላይ ሞልቷል፤ የሚጠብቀው እርጥበት ብቻ ነው። እርጥበት ሲል ድምፁ ወረደ።

"አባዬ፣ ፌስታሉን አላደረቅኩትም" አልኩት።

"ጠብታውን አይቼዋለሁ" አለ። "አይቼ ነው የጠቀለልኩበት። ቸኩዬ ነበር።"

እውነቱን ይሁን ለእኔ ብሎ፣ ዛሬም አላውቅም። አለቀስኩ። መልኳ በስደት እየደበዘዘብኝ ነበርና፣ እንግዲህ በምን አውቃታለሁ አልኩት። ፎቶው እያለ ስለ እናቴ አንድም ቀን አውርቶኝ አያውቅም፤ ሳነሳበት ፎቶው ወደተሰቀለበት ግድግዳ ይጠቁመኝ ነበር። ያን ቀን ግን አፈሩ ላይ እንደተቀመጠ የከሰዓቱ፣ የዐስር ሶላት አዛን እስኪሰማ አወራኝ። ግንባሯ ሰፊ እንደነበር፣ ስትስቅ አፏን በሻሿ እንደምትሸፍን፣ ግራ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ እንዳለባት ነገረኝ። ከዚያ ወዲያም ለዓመታት ሳይሰለች አወራልኝ።

አሁን እሱም የለም፤ አላህ ይዘንለት። እናቴን የማውቃት ከእሱ አፍ ነው። ሰሞኑን ጠባሳው የግራ ነው የቀኝ እያልኩ መጠራጠር ጀምሬያለሁ፤ የምጠይቀው ሰው ግን የለኝም።