ለእትዬ ሲባል የጠመመ ስፌት

እትዬ ባሕር ተሻግራ ድሆችን ልታገለግል የወጣችው ክር ስትስብ ነው ቢባል ማንም አያምንም። ወሬውን እየሳቀች የምታወራው ግን ራሷ ናት። በአገሯ ልብስ ሰፊ ነበረች። አንድ እሑድ የመዘምራኑ ቀሚስ አልደርስ ብሏት፣ ቤተ ክርስቲያን የኋላ ወንበር ላይ አቀርቅራ ጠርዙን ትወሰውሳለች። ፓስተሩ ከመድረክ «ባሕር ማዶ ላሉ ችግረኞች፣ እኔ አለሁ የሚል ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ እሷ ረጅሙን ክር ለመሳብ እጇን ሽቅብ አነሣች። ምእመኑ ዞር ዞር እያለ አጨበጨበላት። «ኧረ እኔ ክር ስስብ ነው» ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ለምን ብለው ሲጠይቋት፣ «መደንገጥ ሲገባኝ ደስ አለኝ፤ የማን ጥሪ እንደሆነ ያኔ ገባኝ» ትላለች። ለጥቂት ጊዜ ብላ ሄደች፣ ፀጉሯ እዚያው ሸበተ።

የሰፈረችበት መንደር ከወደቡ ጀርባ ነው። ቆርቆሮ ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው፤ መንገዱ ላይ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንደኛው ግድግዳ ይታከካል። ሴቶቹ ወደብ ወርደው ከጆንያ የፈሰሰ እህል ሲለቅሙ ይውሉ ነበር። ለእትዬ የተሰጣት ቤት የሽንኩርት መጋዘን የነበረ ነው። ዛሬም ዝናብ ሲመታው ግድግዳው እንግዳ ያስለቅሳል። እሷ ግን ጠርጋ፣ ኖራ ቀብታ፣ በእግር የሚሠሩ የስፌት መኪናዎች ደረደረችና በሩን ከፈተች።

አሠራሯ ለብቻው ነው። ለማንም ሙሉ ልብስ አትሰፋም። የሸሚዙን ቀኝ እጅጌ እሷ ትሰፋለች፣ ግራውን ባለሸሚዟ ራሷ። የቀኙን ኪስ እሷ፣ የግራውን ባለሸሚዟ። «ጨርሺልኝ» ብሎ እትዬን መለመን ድንጋይ መለመን ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሰሞን የመንደሩ ሰው በቀኝ በኩል ሙሽራ፣ በግራ በኩል ደግሞ ከውሻ ያመለጠ ይመስል ነበር። የሌላ ሰፈር ሰው እያየ ይስቃል፤ እትዬም አብራ ትስቃለች። እየዋለ እያደረ ግን ግራው ከቀኙ አልለይ አለ። ከዚያም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ግራው በለጠ። እትዬ የራሷን እጅጌ ከተማሪዎቿ እጅጌ ጎን አድርጋ ያየች ቀን አፍራ ፈታችው፤ ቀኑን ሙሉ ግን ጥርስ በጥርስ ሆና ዋለች።

ዛሬ የመንደሩን ትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚሰፉት እነሱ ናቸው። ሥራውን የምትመራው ድሮ ወደብ ላይ ጆንያ ትሸከም የነበረች ሴት ናት፤ ጉልቤዋ ይሏታል። ከእሷ ቀጥላ የምትወራዋ፣ ኮሌታዋ የሚሏት ናት። ቀኑን ሙሉ ሦስት ቃል ከተናገረች ብዙ ነው፤ ኮሌታ ስትሰፋ ግን ማስመሪያ እንኳ ያፍራል። ወዲያ ማዶ ያለው ገበያ ለመሄድ ሰው ካልሸኛት ንቅንቅ አትልም።

ታዲያ ባለፈው ዝናብ ማብቂያ ላይ እትዬን የላከቻት ቤተ ክርስቲያን ስልክ ደወለች። የሚስዮን ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ሽማግሌው፣ ሊጎበኙ ይመጣሉ። «ሥራው ካለቀ ልጄ፣ ይዤሽ እመለሳለሁ። ይብቃሽ፣ እረፊ» አሏት ሽማግሌው ራሳቸው በስልኩ።

«እሺ አባቴ» አለች። ግን ማረፍ የት ነው? አገሯ ያለችው ክፍል ተከራይ ገብቶባታል፣ የእህቷ ልጆች መንገድ ላይ ቢያገኟት አያውቋትም። «ቤት» ስትል በዓይነ ሕሊናዋ የሚመጣው ይኸው የሽንኩርት መጋዘን ነው። እዚህ መቆየት ፈለገች፤ እንደ ልጅ አምርራ ፈለገች። እንዳትናገር ደግሞ በገዛ አፏ ተይዛለች። «ጥሩ አገልጋይ ሥራውን ለባለቤቶቹ አስረክቦ የሚሄድ ነው» እያለች ስንት ዓመት ያስተማረች ማን ሆነና!

ለሴቶቹ ነገሩን የነገረቻቸው ክር እያጠነጠነች፣ እንደ ዋዛ ነው። ሁሉም መኪናቸውን መርገጥ ቀጠሉ። ጉልቤዋ «መቀሱን አቀብዪኝ» ብቻ አለች። እትዬ ሆድ ባሳት።

ከጀርባዋ የተመከረውን የሰማችው ኋላ ነው። ጉልቤዋ ሁሉንም ውኃ የሚቀዳበት ቧንቧ ጋ ሰብስባ፣ «ሥራው ካለቀ ይወስዷታል። እንግዲህ ሥራው አላለቀም! ሽማግሌው በመጡ ቀን አንዳችሁም ቀጥ አድርጋችሁ እንዳትሰፉ» አለች።

«እኔ ኮሌታ ማጣመም አልችልም» አለች ኮሌታዋ።

«ትለማመጃለሽ!»

እሷም በሯን ዘግታ ተለማመደች።

ሽማግሌው በወደቡ በኩል፣ ላብ በላብ ሆነው፣ ኮፍያቸውን እያራገቡ ደረሱ። እትዬ ጥላ ያለበት ቦታ አስቀመጠቻቸውና፣ የፈራችው ነገር ቢመጣም የሴቶቹን ሥራ ለማሳየት ቸኮለች። ከጠረጴዛው ላይ የመጀመሪያውን ሸሚዝ አንሥታ ሰጠቻቸው። ኪሱ አፉን ወደ ታች ደፍቷል። ሁለተኛውን ሰጠቻቸው፤ የልጅ ሸሚዝ ላይ የጎረምሳ እጅጌ ተሰፍቶበታል። ይባስ ብሎ ጉልቤዋ ከመኪናዋ ሆና ጮክ ብላ፣ «እትዬ፣ ክሩ በመርፌው በየት በኩል ነበር የሚገባው?» አለቻት።

«ምን ሆናችኋል? ታማችኋል እንዴ?» አለች እትዬ። ፊቷ ቀላ።

ሽማግሌው አንዱን ኮሌታ አገላብጠው አዩት። አንዱ ጫፉ ወደ ጆሮ፣ ሌላው ወደ ብብት ያመለክታል። መነጽራቸውን አወለቁና በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው» አሉ። «ብቻሽን ጣልንሽ፣ ደከምሽ። አብረን እንሄዳለን። ቤቱንም እንዘጋዋለን።»

መኪናዎቹ ሁሉ ጸጥ አሉ። እትዬ ዕድሜዋን ያፈሰሰችበት ሥራ ዓይኗ እያየ አንድ ጠማማ ኮሌታ ሆኖ ቀረ።

ይኼኔ ኮሌታዋ ተነሣች። ሸሚዙን ከሽማግሌው እጅ መንጭቃ ወሰደችና፣ «ይሄ የእኔ ኮሌታ አይደለም!» ብላ ጮኸች። «የሰፋሁትስ እኔ ነኝ፤ ግን የእኔ አይደለም!» ስፌቱን በጥርሷ ተርትራ፣ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ፣ ፔዳሉን ረገጠችው። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አጥልቀው ሳይጨርሱ ሸሚዙ ሌላ ሸሚዝ ሆነ።

«ሆነ ብለን ነው አባባ» አለች ጉልቤዋ መሬት መሬት እያየች። «ጎበዝ ከሆንን ትወስዷታላችሁ ብለን ሰነፍ ሆንን። ሰነፍ ስንሆንም ትወስዷታላችሁ። ታዲያ ምን እንሁን?»

ሽማግሌው የጨርቅ ጥቅል ላይ ዘፍ ብለው እንባቸው እስኪፈስ ተንከተከቱ። እትዬ ትቆጣ ወይ ትሳቅ ቸገራት። «እናንተ መሠሪዎች! አዋረዳችሁኝ እኮ!» እያለች አንድ በአንድ አቀፈቻቸው። እንዲህ እንደሚወዷት አታውቅም ነበር።

ሳቁ ሲበርድ ሽማግሌው እውነቱን ተናገሩ። «እንግዲህ ሥራው አልቋል። እኔም የመጣሁት አንቺን ልወስድ ነው። ከዚህ ወዲያ ካለችው ደሴት ደግሞ ባሎቻቸው ባሕር የቀሩባቸው ሴቶች ሰው ላኩልን ይላሉ። የሚሄድ አጥተናል፤ ያንቺም ጉልበት ለዚያ አይበቃም።»

እትዬ እሄዳለሁ ለማለት አፏን ስትከፍት፣ «እኔ እሄዳለሁ» የሚል ድምፅ ቀደማት። ኮሌታዋ ናት፤ ከመኪናዋ ቀና እንኳ አላለችም።

«አንቺ?» አለች ጉልቤዋ። «ገበያ ሸኙኝ የምትዪዋ?»

«የሚሸኘኝ ካለ ነዋ። እትዬ እዚህ ሆና ትላከኝ። እሷ ከሌለች ሲጨንቀኝ ለማን ልደውል? ማን ይጸልይልኝ?» ቀጥላ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «እርስዎስ አገር ቤት ሆነው አልነበር ለእሷ ሲጸልዩላት የኖሩት?»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ወደ እትዬ ዞሩና፣ «እንግዲህ ቤቱ የሴቶቹ ነው፣ አንቺ ደግሞ ልጄ፣ እዚሁ ቆይተሽ የቤቱ ላኪ ነሽ። ኮሚቴውን እኔ እነግረዋለሁ» አሉ። እትዬ እንደ ሕፃን ልጅ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ደስታዋን ልደብቅም አላለች።

ኮሌታዋ በጀልባ ስትሄድ መንደሩ በሙሉ ወደብ ወረደ። እትዬ የልጅቷን ሻንጣ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ መርፌ ጨመርሽ ወይ ትላለች፣ መልሳ ትከፍታለች። መላክ ከመሄድ እንደሚከብድ ያን ቀን ቀመሰችው። ባለጀልባው «እንሂድ» ሲል፣ ትጸልይላት ዘንድ እጇን ልጅቷ ራስ ላይ ጭና «ጌታ ሆይ» አለች፤ ከዚያ በላይ ግን እንባዋ አላስኬዳትም።

ጉልቤዋ ተቀበለቻት። «ጌታ ሆይ፣ ልጃችንን ሰጥተንሃል፤ አደራህን ጠብቅልን። እትዬን ግን እንዳትጠይቀን፤ እሷን አልሰጠንህም።»

እንዲህ ያለ ጸሎት የለም ብላ ታርማቸው የነበረችው እትዬ፣ ከሁሉም ቀድማ «አሜን!» አለች።