ትልቁ ፍሬንና የወንድሜ ሚስት

ታላቅ ወንድሜ የቶርኖ ሠራተኛ ነው፤ ብረት ቆርጦና ቦርቡሮ የፈለገውን ቅርጽ ያስይዘዋል። የሥራ ባልደረቦቹ «ሚሊሜትር» ይሉታል፤ ሥራው ላይ የፀጉር ያህል ስህተት አያሳልፍም። ከቶርኖው ሲርቅ ግን ለጉድ የሚቸኩል ሰው ነው። እህቱ ስለሆንኩ ይህን መናገር ይፈቀድልኛል።

ይህ ሰው ሁለት ነገር ይወዳል፤ ሚስቱንና ባለሁለት በሯን ፈጣን መኪናውን። ሁለቱ ግን ተኳርፈዋል። የመኪናዋ ሞተር የጉድ ነው፣ ፍሬኗ ግን ለብስክሌትም አይበቃም። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ አልቆም ብላ የጎረቤትን የአበባ አጥር ጥሳ ገባች። ሚስቱ ከፀጉሯ ላይ ቅጠል እያራገፈች ወረደችና፣ «ሁለተኛ እዚህች ውስጥ አልገባም» አለች። ነርስ ናት፤ ካለች አለች ነው። ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር ሙሉ እሷ በአውቶቡስ ትሄዳለች፣ እሱ ባዶ ወንበር ይዞ አውቶቡሱን ከኋላ ይከተላል። ዘመድ ጥየቃም የሚመጡት እንደዚሁ ነው። እኔ በሳቅ እሞታለሁ፤ ፊቱን ሳይ ደግሞ አንጀቴን ይበላኛል።

በመጨረሻ መላ አገኘ። የእሱን መኪና የሠራው ፋብሪካ የሚሠራት አንዲት ከባድ የቤተሰብ መኪና አለች፤ ፍሬኗ ዝሆን ያቆማል። ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የእሷን ሰፋፊ የፊት ዲስኮችና ዲስኩን ነክሰው የሚይዙትን ሁለት ካሊፐሮች ገዛ። ቀዳዳቸው ስላልገጠመ ማያያዣውን በገዛ እጁ ሠራው።

ቅዳሜ ጠዋት ደጃፋቸው ላይ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ጎማዋን ፈታ። ሚስቱ በመስኮት ብቅ አለች።

«ዛሬ ከቆመችልህ እገባለሁ። ካልቆመች ትሸጣታለህ።»

«ካልቆመች ሸጥኳት» አላት፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት።

ሥራው ሰተት አለለት። ዲስኩ ገጠመ፣ ካሊፐሩ ገጠመ፣ ጎማውም ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተርፎት ገባ። ወንድሜ ጮቤ ረገጠ። የቀረው ከፍሬን ዘይቱ ውስጥ አየር ማስወጣት ብቻ ነው። እኔ ፔዳሉን እረግጣለሁ፤ እሱ ካሊፐሩ ላይ ያለችውን ትንሽ የአየር ማስወጫ ብሎን ፈታ ጠበቅ ያደርጋል።

«ርገጪ።»

«ረገጥኩ።»

«አሁን ልቀቂ።»

እስከ ቀትር ረገጥኩ፣ ለቀቅኩ። ፔዳሉ እንደ ሊጥ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። መጀመሪያ «ዘይቱ ነው» አለ፤ ቀጥሎ «ቱቦው ነው»፤ ቀጥሎ «አንቺ በደንብ ስለማትረግጪ ነው»።

«ይቺን እንኳ ተዋት» አልኩት፤ እግሬ ዝሎ የሰው እግር መስሎኛል።

ከሰዓት በኋላ ቅስሙ ተሰበረ። እጁን ጠራርጎ ለመኪና ደላላ ሊደውል ስልኩን ሲያወጣ ሚስቱ ውሃ ይዛልን መጣች። ጎንበስ ብላ ካሊፐሩን አየች።

«አየሩ የሚወጣው በዚህች ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ወደ ታች አደረጋችኋት? እኔ መርፌ ስሞላ ጫፉን ሽቅብ አድርጌ ነው አየሩን የማስወጣው። አየር ላይ ላዩን ነው የሚሄደው። እናንተ ከታች ዘይት ስትቀዱ ዋላችሁ።»

ሚሊሜትር አፉን በእጁ ያዘ። የቀኙን ካሊፐር በግራ፣ የግራውን በቀኝ ገጥሞታል። ልኩ ልክ ነው፤ ጎኑ ብቻ ተምታቶ ብሎኗ ወደ ታች ዞራለች። እኔ «ሲሮጡ የታጠቁት…» ብዬ ሳልጨርስ ሳቄ አመለጠኝ፤ እሱም መሬት ላይ ተንጋሎ ሳቀ።

ካሊፐሮቹን ሲያቀያይር ሚስቱን ወደ ጎን ወሰድኳት።

«ዝም ብትዪ ኖሮ እኮ መኪናዋን ተገላግለሽ ነበር።»

«መኪናዋንስ እገላገል ነበር» አለችኝ። «ያን ፊቱን ማን ይችለዋል?»

ጥቂት ስረግጥ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። ብቻውን ደጋግሞ ሞክሯት ሲመለስ የሚስቱን በር ከፈተላት፤ እሷም ገብታ ቀበቶዋን ሁለት ጊዜ ጎትታ ፈተሸችና ታጠቀችው። ያንኑ ቁልቁለት ሲወርዱ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው መኪናዋ መሬት እንደነከሰች ቀጥ ብላ ቆማለች።

እያነከስኩ ደረስኩ። የሚስቱ ሻሽ ዓይኗ ድረስ ወርዷል። ሻሹን ገፋ አድርጋ መንገዱን አየች፣ ከዚያ እሱን አየች።

«ድገመው» አለችው።

ወንድሜ ግን ሊደግመው አልቻለም፤ መሪው ላይ ተደፍቶ በደስታ ይነፋረቃል። ጥቂት ታገሠችውና ቀበቶዋን ፈታች።

«በል ተነስ፣ እኔ እነዳለሁ።»