የጋሼ ሙደሲር ቀኝ ጆሮ

ጋሼ ሙደሲርን በደንብ አውቃቸዋለሁ ማለት አልችልም። የማገኛቸው የቤቴ ቁልፍ ሲጠፋብኝ ነው፤ ደግነቱ ቶሎ ቶሎ ይጠፋብኛል። ጎጃም በረንዳ ቁልፍ ይቀርጻሉ፣ አልከፈት ያለ ካዝናም ይከፍታሉ። ካዝና ሲከፍቱ ቀኝ ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጥፈው ቁጥሩን ቀስ እያሉ ያዞራሉ። በመሰርሰሪያ የሚከፍተውን ሰው "ደንቆሮ" ነው የሚሉት።

አምና ከዚያው ጆሮ በስተውስጥ፣ ከራስ ቅላቸው ሥር ዕጢ ተገኘባቸው። ሌላ አጃቢ ጠፍቶ ነው መሰለኝ፣ ሐኪም ቤት እኔን ይዘውኝ ሄዱ። ወጣቷ ሐኪም ዶክተር መቅደላዊት የራስ ቅላቸውን ፊልም አሳየችን።

"አጭሩ መንገድ የውስጥ ጆሮውን አጥንት ሰርስሮ መግባት ነው። ግን ጆሮው ከዚያ በኋላ አይሰማም" አለች።

"በመሰርሰሪያ? አንቺም የኔ ልጅ?" ጋሼ ፊልሙን አገላብጠው አዩት። "ይሄ ቱቦ ምንድነው?"

"ትልቅ የደም ሥር ነው። እርስዎ ላይ ከፍ ብሎ አጭሩን መንገድ አጥብቦታል። ስለዚህ ከጆሮዎ ኋላ እንገባለን፤ መስማትዎም ምናልባት ይተርፋል።"

"ጎሽ፣ ዘበኛዬ!" አሉ ጋሼ፣ ፊልሙ ላይ የደም ሥሩን በጣታቸው መታ እያደረጉ። "ካዝናም ከኋላው ነው የሚሳሳው። ግን ቀስ በይ።"

ከቀዶ ሕክምናው ሦስት ወር በኋላ ሥራ ጀመሩ። የመጀመሪያው ካዝና ሲመጣ ጎረቤቱ ሁሉ ሱቁን ትቶ ከበባቸው። ጋሼ ተንበርክከው ቀኝ ጆሯቸውን ለጠፉ። በጣም ቆዩ።

አላስቻለኝም። "ጋሼ፣ ይሰማዎታል?"

ጆሯቸውን ሳያነሱ እጃቸውን አወናጨፉብኝ።

"ዝም በል አንተ! ተራው የካዝናው ነው።"