የሳነቴ የእሳት እራቶች በቪከሪ ሜዶ

ተሻገር ዳላስን የናቃት ገና ከአውሮፕላን ሲወርድ ነው። ተራራ የላትማ! ቪከሪ ሜዶ ካለው አፓርታማው በረንዳ ላይ ቆሞ ሜዳውን እያየ፣ «ይኼም አገር ተብሎ!» ይላል። በደህናው ዘመን የእሳት እራት አጥኚዎችን ተከትሎ ባሌ ተራራ የሚወጣ ረዳት ነበር፤ ሲያወራው ግን ተራራውን ራሱ የተከለው ይመስላል። አሁን ግራንድ ፕሬሪ፣ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል።

ሰውንም እንደ እሳት እራት ይመድባል፦ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ። አለቃው ቆላ ነው፤ ጎረቤቱ ሞላልኝ ከቆላም በታች። ሚስቱን እታለማሁን፣ ምግቡ በእጇ ስለሆነ፣ ወይና ደጋ ላይ አስቀምጧታል።

ከአገሩ ይዞ የመጣው አንድ ጠፍጣፋ ሳጥን ነው። ውስጡ ከባሌው ሳነቴ አምባ የተያዙ የእሳት እራቶች በእስፒል ተሰክተዋል፤ ብርድ የሚችሉ ጠጉራሞች፣ ነፋስ እንዳይወስዳት ክንፏ ያጠረ እንስት። ከእያንዳንዷ ሥር የተያዘችበትን ቦታ፣ ከፍታና ቁጥቋጦ የምትናገር ጥፍር የምታህል ወረቀት አለች። «ቦታው ያልታወቀ የእሳት እራት አቧራ ነው» ይላል፣ ለሚሰማውም ለማይሰማውም። ሳጥኑን አንድ ቀን ለትልቅ ሙዚየም ሰጥቶ ስሙን ሊያስጠራ ነው ሕልሙ። እውነቱን ለመናገር ሌላ የሚኮራበት ነገር የለውም።

የከተማው አዲሱ ባቡር ሥራ በጀመረ በዓመቱ፣ ልጁ ሳሮን ለትምህርት ቤቷ የሳይንስ ውድድር፣ ለሳይንስ ፌሩ፣ የእሳት እራት ሰበሰበች፤ ከፓርኪንጉ መብራት፣ ከልብስ ማጠቢያው ደጃፍ፣ ከነዳጅ ማደያው። ሁሉም ቡናማ፣ ሁሉም ተራ። ግን አባቷ እንዳስተማራት የእያንዳንዷን ቦታ ጽፋ ሳጥን ውስጥ ሰካች።

ተሻገር አፍንጫውን ነፋ። «የእኔ ልጅ የማደያ ትኋን ይዛ ትቆማለች?»

«አባዬ፣ ፕሮጀክቱ ስለ ኔበርሁዳችን ነው። ሶ፣ እዚህ ያሉትን ነው የሰበሰብኩት።»

«ቆላ!» አላት።

በማግስቱ፣ በውድድሩ ቀን ጠዋት፣ ሳሮን ሻወር ስትገባ ብልሃቱን ሠራ። የእሷን የእሳት እራቶች ነቅሎ የራሱን ሰካላት። ጽሕፈቷ መታየት አለበትና የእሷን ወረቀቶች ከሥራቸው አደረገ፤ የራሱን ግን ገፎ፣ «እነዚህን በልቤ አውቃቸዋለሁ» እያለ ከቡናማዎቹ ጋር ቆሻሻ ውስጥ ጣለ። ሲወጡም የቆሻሻውን ከረጢት የግቢው ገንዳ ውስጥ ወረወረው።

ትምህርት ቤት፣ የውድድሩ ዳኛ ክንፈ አጭሯን አየች፤ ከሥሯ ያለውንም አነበበች፦ «ቪከሪ ሜዶ፣ ነዳጅ ማደያ።»

«ይህች ብርዳማ ተራራ ላይ የምትኖር ናት። እዚህ ያዝኳት ያለው ማነው?»

ሳሮን ሳጥኗን አይታ ደረቀች። ተሻገር ግን ደረቱን ነፍቶ፣ «የእኔ ናት! የባሌ!» አለ። እዩኝ እዩኝ ማለት ደብቁኝ ደብቁኝ ያመጣል። ዳኛዋ፣ ቦታው በሐሰት የተጻፈ ሥራ አይወዳደርም ብላ ወደሚቀጥለው ልጅ አለፈች።

ቤት ሲደርሱ የቆሻሻ መኪናው ገንዳውን ገልብጦ ሄዷል። ተሻገር ትንንሽ ወረቀት ቆርጦ እስክሪብቶ ይዞ ተቀመጠ። በልቤ አውቃቸዋለሁ ብሎ የለ? አንዷን የአስታ ቁጥቋጦ ብሎ ጻፈ። ሰረዘ፤ የጅብራ አለ። እሱንም ሰረዘ። ለካ የሚያውቁት ወረቀቶቹ ነበሩ።

ሳሮን ባዶ ጠርሙስ ይዛ፣ ወደ ፓርኪንጉ መብራት ልትወርድ ስትል አጠገቡ ቆመች።

«አባዬ፣ ቦታው ካልታወቀ ምንድን ነው ያልከኝ?»

ቀና ብሎ አላያትም።

«አቧራ» አለ።

ልጅቷ በሩን ዘግታ ወረደች።