የቡና ለቃሚዎቹና የማይቀበረው ባላባት

ኩልሱም ፊደል የቆጠረችው በሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ሰርቦ ተወልዳ፣ ጅማ አግብታ፣ ሦስት ልጆች ወልዳ፣ ቡና ስትለቅም አሥራ ሁለት ዓመት ካለፋት በኋላ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጣና የቦሳ ኪቶ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ አስቀመጣት። አስተማሪዋ ዓለምብርሃን የሚባል የኮሌጅ ተማሪ ነበር። ሲሰናበታት ሽፋኑ የተገነጠለ የትርጉም ልብወለድ ሰጥቷት፣ «እትዬ ኩልሱም፣ ይህን ከጨረሱ እኔ የማስተምርዎ የለም» አላት።

ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጀባት። አልሐምዱሊላህ፣ ጨረሰችው። በሦስተኛው ዓመት ለሌሎች ማንበብ ጀመረች። ምሳ ሰዓት ላይ በቡና ማበጠሪያው ጓሮ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ስታነብ፣ ሃያ ሴቶች ቂጣቸውን እየቆረሱ ያዳምጧታል።

ታሪኩ የሃልደር ነው። ሃልደር በሩቅ አገር ድሀ ሲያስለቅስ የኖረ ባላባት ነበር። ሲሞት የሚያጥበው፣ የሚገንዘው፣ የሚጸልይለት ሰው ጠፋ። መቃብሩም አልይዘው አለና እየተነሳ የሰው በር ያንኳኳል።

ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። ታናሿ ለቃሚ ፈድሊያ ጆንያ ለማምጣት ብቻዬን መጋዘን አልገባም አለች። በማግስቱ ባህሪያም እንደዚያው አለች። ካቦው ከፈለ ተቆጣ።

«ከነገ ጀምሮ ንባብ የሚባል ነገር የለም! የተቀጠራችሁት ቡና ልትለቅሙ ነው ወይስ ሬሳ ልትጠብቁ?»

ኩልሱም ክው አለች። በዕድሜዋ ሙሉ የምትናገረውን ለመስማት የጓጓ ሰው ኖሮ አያውቅም። በዚያች በምሳ ሰዓት ግን ሃያ ሴቶች «ከዚያስ?» ይሏታል። ከለቃሚዎቹ መካከል ምላሷ ልጓም የማያውቀው ዘይቡ ተነሳች።

«ጋሽ ከፈለ፣ እርስዎስ መጋዘን ብቻዎን ይገባሉ?»

«እኔ? ይሄው የሃልደራችሁ ፊልም እሑድ ሲኒማ ቤት ይታያል። ከፊት ወንበር ተቀምጬ ነው የማየው!»

«እኛም እንመጣለን።»

ከፈለ ሳቀ። «ኑ! አንዳችሁ ሮጣ ከወጣች መጽሐፉ ይዘጋል። አንዳችሁም ካልሮጣችሁ ግን ቃሌ ነው፣ ዕድሜ ልካችሁን አንብቡ።»

እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አሥራ አንድ ሴቶች ተከናንበው መጡ። አብዛኞቹ ሲኒማ ቤት ገብተው አያውቁም። በር ላይ የቆመ ጎረምሳ፣ «ለቅሶ ቤት መሰላችሁ እንዴ?» አላቸው።

«አዎ፣ እናንተን ልናስተዛዝን ነው» አለች ዘይቡ።

ፊልሙ ያረጀ፣ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ንግግሩ ሁሉ እንግሊዝኛ። ንግግሩ ስላልገባቸው አዳራሹን በሞሉት ወንዶች ላይ ሁሉም ነገር ድንገት ይወርድባቸዋል። በር ሲጢጥ ሲል ይዘላሉ። የሬሳ ሳጥኑ ክዳን ሲነሳ አንዱ «ማሊ ኩኒ! ምንድነው ይሄ!» ብሎ ጮኸ፤ ሌላው አማተበ፤ ከኋላ «አዑዙ ቢላህ» የሚል ድምፅ አስተጋባ። በሩን ገፍተው የወጡም ነበሩ።

ፈድሊያ ከወንበሯ ተነሳች። ኩልሱም እጇን ያዘቻት። ማንበብና ማየት ለካ ይለያያሉ። ግን ቦታውን አወቀችው።

«ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ። ሰባተኛው ምዕራፍ ነው። አሁን ወደ መስኮቱ ይሄዳል። ልጅቷን አይነካትም፤ ሻማውን አጥፍቶ ይመለሳል።»

ሃልደር ወደ መስኮቱ ሄደ። ሻማውን አጠፋ። ተመለሰ።

ፈድሊያ ተቀመጠች። ከኋላ አንድ የወንድ ድምፅ፣ «እትዬ፣ በአላህ ጮክ ይበሉ! ከዚያስ ምን ያደርጋል?» አለ። ኩልሱም ጮክ አለች፤ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ። ከዚያ ወዲያ አንድም ሰው አልወጣም።

መጨረሻው ላይ ግን ፊልሙ መንገድ ሳተ። ገበሬዎች ችቦ ይዘው መጡና ሃልደርን አቃጠሉት። መብራት በራ።

«ውሸት!» ዘይቡ ብድግ አለች። «አላቃጠሉትም!»

«ታዲያ እንዴት ነበር?» አሉ አቶ ተክለጻድቅ፣ የሰፈሩ የእድር ዳኛ።

ኩልሱም ቆማ ነገረቻቸው። ሃልደር በረሃብ ሲቀጣት የኖረች አሮጊት አገልጋይ ነበረችው። እሷ ናት ማልዳ የመጣችው። አጠበችው፤ በገዛ አንሶላዋ ገነዘችው፤ «አውፍ ብዬሃለሁ፣ ይቅር ብዬሃለሁ፣ ተኛ» አለችው። ሃልደርም ዳግመኛ አልተነሳም።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ ተክለጻድቅ። «ሬሳ ይቃጠላል እንዴ?»

አዳራሹ አጨበጨበ። ለፊልሙ አልነበረም።

ሴቶቹ ከፈለን ከፊት ወንበር ላይ ፈለጉት፤ አጡት። ያገኙት ውጭ፣ አጥሩን ተደግፎ ነው።

«ሲጋራ ላጨስ ነው የወጣሁት።»

«በስንተኛው ምዕራፍ?» አለች ዘይቡ።

ከፈለ ግን ቃሉን የሚበላ ሰው አልነበረም። ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ሴቶቹ አልሮጡም። ንባቡ ይቀጥላል» አለ፤ ጉሮሮውንም ጠርጎ ጨመረ፤ «ያቺን አሮጊት... ድገሚልን እስቲ።»

ተሸካሚዎቹም ጆንያቸውን አውርደው ሴቶቹ ዳር ተቀመጡ። ከኋላ ያሉት አልሰማንም ሲሉ ኩልሱም ብድግ ብላ ቆማ ማንበብ ጀመረች።