ልብስ ገልብጠው የሚያዩት አጎቴ

ደብረ ብርሃን ልብስ መሸጥ ከጀመርኩ ጀምሮ ያልቀጠርኩት ተቆጣጣሪ ነበረኝ፤ አጎቴ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንኮበር ለገበያ ሲመጡ ሱቄ በር ላይ ዱካ ስበው ይቀመጣሉ። ደንበኛ የመረጠችውን ልብስ ተቀብለው ይገለብጡና ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ይዳስሱታል።

«ልጄ፣ ይሄ ቢተረተር መልሶ ለመስፋት ትርፍ ጨርቅ የለውም። ደግሞስ ቤትሽ ካለው ከየትኛው ጋር ልትለብሺው ነው?»

«ጋሼ፣ እንጀራዬን አይዝጉብኝ እንጂ» ስላቸው፣ «ደህና ዕቃ አምጣና አልዘጋብህም» ይሉኛል።

እሳቸው የነበራቸው አንድ የሥራ ኮት፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ጋቢና ከላይ የሚደርቡት በርኖስ ነው። አዲስ ሲገባ አሮጌው ገና ሳያልቅ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሲያርፉ፣ ከአርባቸው በኋላ ልብሳቸውን ለነዳያን ልናካፍል ዘመድ ተሰብስቦ ሳጥኑ ሲከፈት፣ ሥራው ወዲያው አለቀ። ባለቤታቸው ሳጥኑን እያዩ፣ «ለዚህስ ሰው ባላደከምኩ» አሉ። የሳቀ የለም። እኔም አላለቀስኩም፤ ክዳኑን መለስኩት።

አሁን ገበያው ቀንቶኛል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ምንም አይለኝም።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ልጅ ቀይ ጃኬት ለካች። ስፌቱ እንደማይከርም አውቃለሁ። እንደ ልማዴ «ለአንቺ የተሰፋ ይመስላል» አልኳትና፣ ሳላስበው ዞር ብዬ መልስ ጠበቅሁ።

«ምነው፣ ሌላ ሰው አለ?» አለችኝ።

«የለም» አልኳት።

ከፈለችኝና ባዶውን ዱካ አልፋ ወጣች።