ቤተክርስቲያን እንዳይታየው የለመንኩ ዕለት

ነገሩ የሆነው አምና በፍልሰታ ነው። ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኔ ግን እስካሁን ጉም ባየሁ ቁጥር ፊቴ በሃፍረት ይግላል።

ቢቸና ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ያን ዕለት ጠዋት ሽሮ ጥጄ ሳለሁ ሞጣ ያለችው ልጄ ደወለች። «እማዬ፣ ምጥ ጀመረኝ፤ ድረሽልኝ» አለች። የበኩሯ ነው፤ ባሏም ለሥራ ሩቅ አገር ነበር። ሽሮውን ለጎረቤት ትቼ ነጠላዬን እያጣፋሁ ወደ መናኸሪያ በረርኩ።

ደግነቱ አንድ ሚኒባስ ሊወጣ ሲል ደረስኩ። ጋቢና ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቄስ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠዋል፤ ከእሳቸው ቀጥሎ በመስኮቱ በኩል ቦታ ተገኘልኝ። «እሰይ! ከካህን ጋር ተቀምጬ ምን ይነካኛል» አልኩ በልቤ።

ለካ ሾፌሩን አላወቅሁትም። ሰውየው ቤተክርስቲያን ባየ ቁጥር ይሳለማል። መሳለሙስ መልካም፣ እኔም እሳለማለሁ። እሱ ግን በአንድ እጁ ኮፍያውን ያነሳል፣ በሌላው ያማትባል፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ይደፋል። መሪውን ማን እንደያዘው እንጃ! አገራችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ቤተክርስቲያን የሌለው ጉብታ የለም። ደብረ ወርቅ እስክንደርስ ነፍሴ ስንቴ ወጥታ እንደገባች እኔ ነኝ የማውቀው።

«አንተ ሰው፣ ኧረ መሪውን!» ብዬ ጮህኩ።

«እናቴ፣ የያዘን እሱ ነው» አለኝ፤ ይባስ ብሎ በእጁ ወደ ሰማይ እያሳየ።

አባም ቀስ ብለው «ልጄ፣ በልብም መሳለም ይቻላል እኮ» አሉት።

«አባ! ይህን እርስዎ ነዎት የሚሉኝ?» አላቸው ተቆጥቶ። አፈሩና መስቀላቸውን ጨበጡ።

ከደብረ ወርቅ እንደወጣን መታጠፊያው በዛ። ልጄ ስልኳን አታነሳም። እኔ ገደል ከገባሁ ማን ይደርስላታል? ጨነቀኝ። ዓይኔን ጨፈንኩና «እመቤቴ፣ ሞጣ እስክንደርስ ለዚህ ሰው ቤተክርስቲያን የሚባል ነገር አይታየው» ብዬ ለመንኩ። እኔ እኮ የቄስ ልጅ ነኝ! እንዲህ ያለ ጸሎት ከአፌ ይወጣል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

ዓይኔን ስገልጥ ቤተክርስቲያን የለም። ዛፍም የለም። መንገዱም የለም። ጉም ወርዶ መኪናዋን ውጧታል።

ሾፌሩ ቆመ። ሁለት እጁን መሪው ላይ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ምን ያደርጋል፣ መኪናዋ አትሄድም።

«ቀስ እያልክ አትነዳም ወይ?» አልኩት።

«በምን ልንዳ እናቴ? መንገዱን የማውቀው በአድባራቱ ነው። ሚካኤልን ሳልፍ ወደ ግራ፣ ጊዮርጊስን ሳይ ፍሬን። አሁን የት እንዳለን እንኳ አላውቅም» አለኝ።

ከኋላ ተሳፋሪው «እግዚኦ» ማለት ጀመረ። እኔ ላብ አጠመቀኝ። «እመቤቴ፣ ይቅር በይኝ! አሳዪው፣ ሁሉንም አሳዪው፣ እንደልቡ ይሳለም!» አልኩ። ብዙ ቆየን። በመጨረሻ ጉሙ ሳሳና ከፊታችን ካለው ጉብታ ላይ አንድ ጉልላት ብቅ አለ። መኪናው ሙሉ እልል አለ። ሾፌሩ ኮፍያውን ሲያነሳ አባ ሳይናገሩ እጃቸውን ሰደዱና መሪውን ያዙለት። እስከ ሞጣ የሄድነው እንደዚያው ነው።

ሞጣ እንደወረድን ኅሊናዬ አላስቀምጠኝ አለ። «አባ፣ ያን ጉም ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቤተክርስቲያን አይታየው ብዬ ለምኜ ነው፤ ይፍቱኝ» አልኳቸው።

ግራ ቀኙን አዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ዝም በይ ልጄ። እኔም ያንኑ ነው የለመንኩት። ለሁለት ብንለምነው ነው እንዲያ የወፈረው።»

ሆስፒታል ስደርስ ልጄ ገና አልወለደችም ነበር። እጄን ጨምድዳ እንደያዘች ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብዬ አለቀስኩ። መንገድ እንዴት ነበር ሲሉኝ «ትንሽ ጉም ነበረበት» ብዬ አለፍኩት።

ያፈርኩትን ያህል ደስም ይለኛል። ጸሎት አይሰማም የሚል ሰው ካለ እኔ ጋ ይምጣ። ከዚያ ወዲህ ግን ሰው ሳመሰግን እንኳ እጠነቀቃለሁ፤ «እግዜር ይስጥሽ» ካልኩ፣ ምን እንዲሰጣት እንደፈለግሁ አብሬ እናገራለሁ።